የልጅ ልጄ አጭሩን መረጠች፣ እኔ ረጅሙን

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሰዎች አላስቀምጥ አሉኝ። አንዱ ስለ ፎቁ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ መንገዱ፣ ሌላው ደግሞ "የፕሬዚዳንቱን ቤት አየኸው ወይ?" ይለኛል። አላየሁትም። "ያውልዎት!" ብለው ሲያሳዩኝ የመኪናው ቀበቶ አልፈታ ብሎኝ ከሱ ጋር እታገል ነበር፤ ቀና ስል አልፈነዋል። ያየሁትን ስነግራቸው ደግሞ አያምኑኝም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋትን ፊደል አቧራዋን አራግፌ በደብተር ልጽፈው ተነሣሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ የእጄ ጥፋት ነው፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ለማያውቀኝ፣ ደጀኔ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ከብት ገበያ ሠላሳ ዓመት የበሬ ደላላ ነበርኩ። በሬ አይቼ ዕድሜውን፣ ጉልበቱንና ጠባዩን እናገራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ። ስሳሳትም አልመለስም።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ልጄ አስካለ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትረዳለች። ብሌን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፣ እዚያው የተወለደች፣ ኮሌጅ የጨረሰች። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አስካለ በየሳምንቱ ስልክ እየደወለች ታለቅሳለች።

"አባዬ፣ ይምጡና ይምከሩልኝ። የኔን ቃል ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ መልስ ስጪ ብለዋታል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ወንዶች ኳስ ሲወረውሩ ነው የምታየው።"

"ወንዶች ሲወረውሩ?"

"አዎ። እያየች ትጽፋለች። ሥራዬ ነው ትላለች።"

ይኼ ምን የሚሉት ሥራ ነው? መጣሁ አልኳት።

የመነሻው ቀን

ረቡዕ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ቆሎ፣ በሶ፣ አንድ ብርድ ልብስና ጋቢዬን ይዣለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ የጾም ምግብ አመጣችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ወንበሬን ወደ ኋላ የምታስተኛውን ቁልፍ አሳየኝ። ስነካት ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሻይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ እስክደርስ ድረስ እንደ ዳኛ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ቀን

ሻንጣ የሚፈትሸው ሰው በሶዬን አገኘው። ፈታው፣ አየው፣ ውሻ ጠራ። ውሻው አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ሰውዬው ሳቀ፣ መልሶ አሰረልኝና በእጁ "እለፍ" አለኝ። የኛ ኬላ ቢሆን ቀምሶ ነበር የሚያሳልፈኝ።

አስካለና ብሌን በር ላይ ቆመዋል። ብሌን ከእናቷ በአንድ ራስ ትበልጣለች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና፣

"አባባ! ፍላይቱ እንዴት ነበር? ታየርድ ነዎት?" አለችኝ።

ግማሹ ገባኝ። ለመገሠጽ ያዘጋጀሁት ፊት ግን እዚያው በር ላይ ፈረሰብኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ክፍሏ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የወንዶች ስም በሰልፍ ተለጥፏል። ከየስሙ አጠገብ ቁጥር አለ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ቁመት ነው አባባ። ይኼ ክብደት። ይኼ ደግሞ የእጅ መዳፍ ስፋት።"

"ይኼስ?"

"ጉልበቱን ኦፕሬሽን ሆኗል ማለት ነው።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አስካለ ልጇ ምን እንደምትሠራ አልገባትም እንጂ እኔ ገብቶኛል። ይቺ ልጅ ደላላ ናት!

አስረዳችኝ። ጨዋታው የእግር ኳስ አይደለም፤ ኳሱ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ኮሌጅ የሚጫወቱትን ልጆች ትልልቆቹ ክለቦች በዓመት አንዴ ተራ በተራ ስም እየጠሩ ይመርጧቸዋል። ድራፍት ይሉታል። የብሌን መሥሪያ ቤት ማን እንደሚሻል አጥንቶ ለክለቦቹ ሪፖርት ይሰጣል። እሷ የምታጠናው ኳርተርባክ የሚባለውን ነው።

"ኳሱ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚመጣው አባባ። ከዚያ የተጋጣሚው ቡድን ግዙፎች ሊጥሉት ይሮጡበታል። እሱ ቆሞ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። ሦስት ሰከንድ ነው ያለው።"

"ጥርሳቸውንስ ታያላችሁ?"

"ምን?"

"ዕድሜያቸውን በምን ትለያላችሁ?"

"አባባ! በርዝ ሰርተፍኬት አላቸው እኮ!"

የተቀጠረችው ለሙከራ ነው። ድራፍቱ ሲያልቅ ወይ ሙሉ ሠራተኛ ያደርጓታል፣ ወይ ያሰናብቷታል። "ነገ ልጆቹ የሚታዩበት ቀን ነው፤ ይመጣሉ?" አለችኝ። ለምክሩ እንዲመቸኝ መጀመሪያ ላየው ይገባል ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ገበያ ናፍቆኛል።

አራተኛው ቀን

ቅዳሜ ነው፣ እኛም አገር የገበያ ቀን። ብሌን እየነዳች አንድ ትልቅ ወንዝ ተሻግረን ቨርጂኒያ የሚሉት ክፍለ ሀገር ገባን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚያስሄድ ጊዜ ውስጥ አንድ አህያ አላየሁም።

ከየኮሌጁ የመጡ ልጆች አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበዋል። ዙሪያውን ፈረንጆች ሰዓትና ወረቀት ይዘው ቆመዋል፣ ማንም አይስቅም። ብሌን የብረት አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ፣ "እዚህ ቤተሰብ ነው የሚቀመጠው፣ እንዳይነሡ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ለደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይነገርም እል ነበር። ያ ብረት ግን አስተማረኝ።

አጠገቤ አንዲት ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፣ ትንቀጠቀጣለች። የጋቢዬን ግማሽ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረግሁላት። እሷም በዳቦ የተጠቀለለ ሥጋ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ። በሁዳዴ! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ተነሥታ ሄዳ የተቆላ ኦቾሎኒ ይዛልኝ መጣች። ቋንቋ የለንም፣ ግን ተግባባን።

ከዚያ ልጆቹን መለካት ጀመሩ። ሸሚዛቸውን አስወልቀው ቁመታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ መዳፋቸውን በማስመሪያ ይለካሉ። ይኼን እያየሁ እኔ እንዴት ልቀመጥ? በሬ ከሩቅ አይታይም። ገመዱን አልፌ ገባሁ። አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል፣ ትከሻው እንደ ሻኛ፣ ባቱ እንደ ግንድ። ባቱን ጨበጥ አድርጌ አየሁ፤ ድንጋይ ነው። "አፍህን ክፈት" ብዬ በእጄ አሳየሁት። ልጁ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀና ጥርሱን በሙሉ ገልጦ አሳየኝ። ነጭ፣ አንድ ያልጎደለ! ሁለት ጠባቂዎች ክንዴን ይዘው በትሕትና ወደ ቦታዬ መለሱኝ። ብሌን ከሩቅ ፊቷን በወረቀት ሸፍናለች።

ረጅሙ ሲወረውር ኳሱ ይዘምራል። ሴትዮዋን በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ "በሬ ማለት ይኼ ነው!" እላታለሁ። ከሱ ቀጥሎ አንድ አጭር ወረወረ። እጄን ወደ ታች አወዛወዝኩ፣ እንደማይረባ። አጭሩ በወረወረ ቁጥር እንደዚያው አደርጋለሁ። ሴትዮዋ ዝም ብላ ታየኛለች፣ ኦቾሎኒውን ግን አልከለከለችኝም።

ሲያልቅ ያ አጭሩ እየሮጠ መጣና ሴትዮዋን አቀፋት። እናቱ ናት!

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ብሌን መጥታ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ እስክታለቅስ ሳቀችና አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አልኳት ብሌንን።

"'ሁሉም ሰው እንደሱ ነው የሚለው፤ እሱ ግን ቢያንስ ጋቢውን አካፍሎኛል' አለች።"

ጋቢውን እዚያው ተውኩላት። ካሳ ነው።

በመኪና ስንመለስ፣ "ረጅሙን ነው የምትጽፊው አይደል?" አልኳት።

"አይደለም። አጭሩን ነው አንደኛ የማደርገው።"

"ዕውር ነሽ?"

"አባባ፣ እርስዎ እጁን ነው ያዩት። ዓይኑን ይዩ።"

የሚቀጥለው ሳምንት

አስካለ ሥራ ስትሄድ እኔና ብሌን ኮምፒውተር ፊት እንቀመጣለን። የልጆቹን ጨዋታ ከኋላ የተቀረጸውን ታሳየኛለች። ረጅሙ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው፤ ያ ሰው ከተያዘበት ዓይኑ ወደሚመጡበት ጠላቶች ይወርዳል። አጭሩ አንዱን ያያል፣ ይተወዋል፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ሊወድቅ አንድ ጋት ሲቀረው ይወረውራል።

"አዩ አባባ?"

"አየሁ።"

"ታዲያ?"

"ረጅሙ ነው።"

"ኦ ማይ ጋድ" ትላለች፣ ሌላ ታሳየኛለች።

በዚሁ ሳምንት አንድ ቀን ብቻዬን ወጥቼ ጠፋሁ። ሕንፃው ውስጥ ያለው በር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ፎቁም አንድ ዓይነት። የሰው ቤት በር ላይ ቁልፌን ሳዞር አንዲት የሳልቫዶር አሮጊት ከፈተችልኝ። እኔ ብሆን ዱላ አነሣ ነበር። እሷ ውሃ ሰጠችኝ፣ አረፍ አልኩ፤ ከዚያ ክንዴን ይዛ እያንዳንዱን በር እያንኳኳች ቤቴ አደረሰችኝ። ለካ ቤታችን አንድ ፎቅ ወደ ላይ ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን ውሻው ነበር የሚያውቀኝ።

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ

ከሆሳዕና ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እንደ ደንቡ መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም። ከሰዓት በኋላ ብሌን ምስር ስታማስል አለቃዋ ደወለ። ስልኩን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቋንቋውን አላውቅም፤ ነገር ግን ዋጋ የሚያስቀንስ ሰው ድምፅ በየትኛውም አገር አንድ ነው። ያባብላል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ድምፁ ይከብዳል። እሷ አንዲት አጭር ቃል መለሰች። "ኖ" ነው፣ እሱን አውቃለሁ።

"ምን አለሽ?"

"ሁሉም ኦፊስ ረጅሙን ከላይ አድርጓል፣ እኛ ብቻ ለምን መሳቂያ እንሆናለን አለ። እስከ ነገ ጠዋት ቀይሪው አለኝ። ካልቀየርኩ በኔ ስም ይወጣል፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።"

"ቀይሪዋ! ምናለበት? እኔም የምለው ረጅሙን ነው።"

ማማሰያውን አስቀመጠችና ዞር አለች።

"አባባ፣ በሬው ለጋሚ እንደሆነ ልብዎ ቢያውቅ፣ ገበያው ሁሉ ጎበዝ ነው ስላለ እርስዎም ጎበዝ ነው ይላሉ?"

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ያመጡትን በሬ፣ "ይኼ ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል" ብዬ ገበያው ሁሉ ጮኸብኝ። ሦስት ገበያ ማንም አልጠራኝም። የሚስቴን ፊት ማየት አቅቶኝ ነበር። ቃሌን ግን አልቀየርኩም። ይኼን ለብሌን ነግሬያት አላውቅም፤ ማንም አልነገራትም።

አስካለ ከሥራ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ ጠየቀችኝ።

"ገሠጿት?"

"ገሠጽኳት።"

"ምን አለች?"

"እኔን ገሠጸችኝ።"

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም! ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ለሷ ነው!"

"ስሚኝ አስካለ። ሥራ ፈት ልመክር መጣሁ፣ የራሴን ሥራ የምትሠራ ልጅ አገኘሁ። ተሳስታለች፣ እኔ ረጅሙን ነው የምለው። ግን ያመነችበትን ነው የተናገረችው። ይኼን ተዪ ብዬ አልመክርም።"

"ሥራውን ብታጣስ?"

"ታጣለች። ቃሏ ይቀራታል።"

ብሌን ከጓዳ ወጣች። "ማሚ፣ ዲል እናድርግ። ረጅሙ ከአጭሩ ቀድሞ ከተጠራ፣ ሰኞ ፋርማሲውን እሺ እላለሁ። ኮምፕሌይን አላደርግም።"

አስካለ አሰበችና፣ "እሺ" አለች። እኔ፣ "በሕማማት ውርርድ!" ብዬ ተቆጣሁ። ማንም አልሰማኝም።

ሐሙስና ዓርብ

ድራፍቱ ሦስት ቀን ነው፣ የጀመረውም በጸሎተ ሐሙስ። ይኼን ቀን ማን እንደመረጠላቸው እንጃ። ቴሌቪዥኑን አላስከፍትም አልኩ። ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን እግር ታጠብን፣ ጉልባን በላን። ከዚያ ወዲያ እስከ ትንሣኤ አክፍያለሁ። ዓርብ ስንሰግድ ዋልን። ብሌን ከአጠገቤ ነበረች፤ ስልኳን መኪና ውስጥ ትታ መጥታለች። እኔ በጉልበቴ ስወድቅ ክንዴን ይዛ ታነሣኛለች። አንድ ጊዜ፣ "ማንን ጠርተው ይሆን?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አባባ! ስግደት ላይ ነን!" ብላ ተቆጣችኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ካህኑ የሰጡንን ቄጤማ ራሳችን ላይ አሰርን። ወሬው ደርሶናል፦ ሁለቱም ገና አልተጠሩም። ወንድሙ የሚባል የአገራችን ልጅ በታክሲው መጥቶ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በሚሉት ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰደን። ሕንፃው ውስጥ ከምድር ቤት እስከ ላይ የፋሲካ ወጥ ይሸታል፤ ግማሹ የኛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። አስካለ ከወንድሙ ሚስት ጋር ዶሮ ልትገነጥል ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሙ ግድግዳውን የሚያክል ቴሌቪዥን ከፈተ።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ረጅሙ ቢጠራ ይስቃሉ ወይስ ያለቅሳሉ?"

"ዝም በል አንተ።"

እሱ ግን ልክ ነው። ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። በሬዬ ረጅሙ ነው፣ ልጄ ያለችው አጭሩ ጋ ነው። ስም ይጠራሉ፣ ሌላ ይጠራሉ፣ የኛ አይደለም። ብሌን መሬት ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛው ሊሞላ ሲል ሰውዬው ወረቀቱን አንሥቶ አነበበ፣ ፎቶም መጣ።

እኔ ነኝ መጀመሪያ ያወቅሁት። "የኦቾሎኒዋ ሴትዮ ልጅ!" ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

አጭሩ ነው። ብሌን ጩኸቷን ለቀቀችው። ወንድሙ ዘለለ። ብሌን ልታቅፈኝ ስትሮጥ መዳፌን ዘረጋሁባት።

"ሕማማት ነው! ሰላምታ የለም!"

"አባባ፣ ሲሪየስሊ?"

"ሲሪየስሊ።"

ወዲያው ስልኳ ጮኸ፣ አለቃዋ ነው። ሰማች፣ ሰማች፣ አፏን በእጇ ያዘች። "ሙሉ ሥራ" አለችን ቀስ ብላ፣ ስልኩን ሳትዘጋ።

አስካለ ቢላዋ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ብሌንን አየቻት፣ ስልኩን አየችው።

"ጠይቂው" አለች። "ሥራው የሕክምና ኢንሹራንስ አለው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢንሹራንሱ አለው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ረጅሙም ተጠራ። ብቻዬን ተነሥቼ አጨበጨብኩ። የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለው፣ ጥርሱም ያምራል።

እሑድና መመለሻው

ትንሣኤ ተበሥሮ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማዩ ቀልቷል። ደጁ ላይ ብሌንን ያዝኳትና የሕማማቱን ሁሉ ሳምኳት፤ ቆጥሬ አይደለም፣ እስክትጮህ ነው። ከዚያ ቤት ገብተን ስለበላሁት ዶሮ ዝርዝር አልጽፍም፤ አብዝቻለሁ።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ሳስር ብሌን ማስመሪያና መለኪያ ይዛ መጣች። "ይቁሙ" አለችኝ። ቁመቴን ለካች። መዳፌን ዘርግታ ለካች። ባቴን ጨበጥ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "አፍዎን ይክፈቱ" አለችኝ። ከፈትኩ። ቆጥራ ጻፈች፤ ስንት እንደሆነ አልናገርም።

ወረቀቱን አውሮፕላን ውስጥ አነበብኩት። በአማርኛ ነው የጻፈችው፣ ፊደሏ ከኔም ይብሳል። አሁን ይኼው ፊቴ ነው፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

"ስም፦ ደጀኔ። ቁመት፦ አጭር። እጅ፦ ትልቅ። ጉልበት፦ ሲሰግድ ያማል። ጠንካራ ጎን፦ ቃሉን አይቀይርም። ደካማ ጎን፦ ቃሉን አይቀይርም። አንደኛ ነው።"

ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው የተሳሳተችው፤ ረጅሙ ይሻል ነበር።